«ዳንኩ ማለት ነው?»

በአባቴ ደም ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ከተገኘ ዓመታት አልፈዋል። ከሁሉ የከበደኝ ለልጅ ልጆቻቸው ጉርሻ መስጠት ማቆማቸው ነበር። ቫይረሱ ግን የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በጋራ ምላጭና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ እንጂ አብሮ በመብላት አይደለም።

በቅርቡ ሲመረመሩ ቫይረሱ የሚያመርተው «ኢ አንቲጅን» የተባለ ፕሮቲን ከደማቸው ጠፋ። «ዳንኩ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሟ «ገና ነው አባባ» አለቻቸው። ቫይረሱ ሲባዛ ዘረመሉን አንዳንዴ አሳስቶ ይገለብጣል። በአንዱ ለውጥ ምክንያት ፕሮቲኑን ማምረት ቢያቆምም መባዛቱን ሊቀጥል ይችላል። ጉበትን ለካንሰር ይበልጥ የሚያጋልጡ ለውጦችም አሉ። ስለዚህ የቫይረሱ መጠንና የጉበታቸው ሁኔታ በየጊዜው መታየት አለበት።

ሕመም አለመሰማት ዋስትና አይሆንም፤ ቤተሰቡም ይመርመር። በተወለዱበት ሰሞን ከሚያዙ 10 ሕፃናት በ9ኙ ገደማ ቫይረሱ ሥር ይሰዳል። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ክትባት፣ ከተከታዮቹ ጋር፣ ይህን በእጅጉ ይከላከላል። የልጅ ልጅ ስንጠብቅ ከአራሷ ገንፎ እኩል ክትባቱንም እናስብ።