ቀሪው ደረሰኝ

የሀገራችን ሰው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተናገረው ሰው የሺሕ ሰው መዝገብ በአንድ መሥመር ትእዛዝ የሚደመሰስበት ዘመን እንደሚመጣ አላወቀም። ዳታቤዝ በሚባለው የኮምፒዩተር መዝገብ ላይ «ድሮፕ» የሚለውን ቃል ከመዝገቡ ስም ጋራ ጽፎ ላዘዘ ሰው፥ መሣሪያው «እርግጠኛ ነህን?» ብሎ ሳይጠይቅ ይታዘዛል።

ጉለሌ ዊንጌት ሰፈር ያለው እድራችን ባለፈው ዓመት የደረሰበት ይኸው ነው። ወጣቱ ጸሐፊ የመለማመጃውን መዝገብ ያጠፋ መስሎት ዋናውን አጠፋው። ማን እንደ ከፈለ፥ ማን ውዝፍ እንዳለበት የሚያውቅ ታጣ። ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም፤ በደንቡ መሠረት ውዝፍ የበዛበት ቤተ ሰብ የቀብር ገንዘብ አይሰጠውም፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ አንዲት ጎረቤታችን ባላቸውን ቀብረው ነበር። አንዳንዱም «ወይዘሮዋ ከከፈሉ ወራት አልፏል» እያለ ማጕረምረም ጀመረ።

ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ጥፋት የሚያቃኑት በሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ በሌላ ቦታ የተቀመጠውን የቅርብ ጊዜ ቅጂ ይመልሳሉ። ቀጥሎም ከቅጂው ወዲህ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ በተራ የሚይዘውን የውሎ መዝገብ፥ «ሎግ» የሚሉትን፥ ጥፋቱ እስከ ታዘዘባት ደቂቃ ድረስ ይደግሙታል። ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚጠነቀቅበት ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ሠራተኛ 300 ጊጋባይት ያህል መዝገብ በስሕተት ቢያጠፋ፥ በየቀኑ ይገለበጣል የተባለው ቅጂ ለካስ ሳይገለበጥ ኖሯል። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ለሙከራ ሲል ከ6 ሰዓት ያህል በፊት በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው፤ የዚያ 6 ሰዓት ምዝገባ ግን ጠፍቶ ቀረ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ አዲስ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ በአራማይክና በግሪክ ቁርጥራጩ ብቻ ሲቀር፥ በየገዳማቱ በብራና ሲገለበጥ የኖረው የግእዙ ቅጂ ሙሉ ሆኖ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ የተመለሰው ጄምስ ብሩስም ይዞት ሄደ።

እድራችንን ያዳነውም ቅጂ ነው። 4 ወር ያለፈው ቅጂ በፍላሽ ተገኘ። የአራቱን ወር የውሎ መዝገብ የያዙት ግን ገንዘብ ያዡ ሽማግሌ ነበሩ። የሰፈሩ ወጣት «በዚህ ዘመን ወረቀት ምን ይሠራል?» እያለ ሲሥቅባቸው፥ እርሳቸው የደረሰኙን ቀሪ በቁጥሩ ተራ ጠርዘው በሣጥን ያኖሩ ነበር። ሦስት ማታ ተቀምጠው ቀሪውን እያነበቡ አስመዘገቡ። ወይዘሮዋ አራቱንም ወር ከፍለው ተገኙ፤ ገንዘባቸውም ተሰጣቸው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ «ቅጂ አለኝ» ማለት ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ቅጂውን በሌላ ቦታ ከፍቶ ያላነበበ ሰው ቅጂ አለው አይባልም። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያ ሣጥን ባይኖር ኖሮ የሚፈረድባቸው ወይዘሮዋ እንጂ ጸሐፊው አልነበረም። መዝገብ ሲጠፋ ዕዳው የሚወድቀው ባጠፋው ላይ ሳይሆን በተመዘገበው ላይ ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብን መዝገብ የምንይዝ እኛ ነንና ይህን አንርሳ።