ኢንሱሊን ይዘን ግራንድ ካንየን

በአሜሪካ አሪዞና የሚገኘው የግራንድ ካንየን ደቡባዊ ጠርዝ ከፍታው 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቀን ፀሐዩ ይከካል፣ በግንቦት እንኳ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ከላስ ቬጋስ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የመንገዱ መጀመሪያ ሞቃት በረሃ ነው።

ላስ ቬጋስ የሚኖረው ልጃችን አልጋ፣ ምድጃና ትንሽ ፍሪጅ ያለው ቫን አለው። የልጅ ልጆቻችን ጉዞውን ሲያቅዱ ባለቤቴ «እኔ ቤት ልቅር፣ በእኔ ምክንያት አትቸገሩ» አለ። የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይጣላል። የምናድርበት ማዘር ካምፕግራውንድ ለመኪና የሚሰካ መብራት የለውም።

የመኪናው ባትሪ ለዚህ አይሆንም። ሥራው ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት መስጠት ነው። ፍሪጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲስበው ካደረ ጠዋት መኪናው ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ለፍሪጁና ለመብራቱ ለብቻው ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልጋል።

ልጄ «እማዬ፣ የትኛው ይሻላል?» አለኝ። ለሕፃን መድኃኒት የሚሰጠው ክብደቱ ተመዝኖ ነው፤ እኛም መጀመሪያ የሚያስፈልገንን ቆጠርን። ፍሪጁ ሞተሩ ሲሠራ 45 ዋት ይበላል። እየቆመ እየተነሣ በቀን 8 ሰዓት ያህል ቢሠራ 360 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ለ12 ቮልት ሲካፈል 30 አምፒር ሰዓት ነው። መብራትና ስልክ ሲጨመር በቀን 40፣ ለሁለት ቀን 80።

100 አምፒር ሰዓት የተጻፈበት የተለመደው የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ የሚሰጠን እንግዲህ 50 ነው። ክብደቱም 30 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ያው 100 የተጻፈበት ሊትየም ከ80 በላይ ይሰጣል፤ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው። ግን ይወደዳል፣ ከዜሮ ዲግሪ በታችም ቻርጅ መደረግ የለበትም።

ሊትየሙን መረጥን። ብርድ እንዳይነካው ከአልጋው ሥር ተቀመጠ። መኪናው ሲነዳ በልኩ የሚሞላውን ቻርጀርና ፊውዙን ባለሙያ ገጠመልን። እኔ የጨመርኩት ትንሽ ቴርሞሜትር ነው። በጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ ሙቀት ጠዋትና ማታ ታይቶ ይመዘገባል፤ በመንገድ ላይም ደብተር ይዤ እንዲሁ አደረግሁ።

ካንየኑ ጥልቀቱ ከ1,600 ሜትር በላይ የሚደርስበት ቦታ አለ። የዓባይን ሸለቆ ለሚያውቅ ሰው እንኳ ያስደነግጣል። ባለቤቴ የልጅ ልጆቹን እጅ ይዞ ከታች እንደ ክር የቀጠነውን የኮሎራዶን ወንዝ ሲያሳያቸው ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ያሳይ ነበር። መኪናውም ቁልፉ እንደዞረ ተነሣ።