አንኮበር ስትወጡ፦ የአያትን ሽጉጥ ተዉት!

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጋቢ ያዙ! ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የቆረቆሯት ከተማ ብርዷ ቀልድ አያውቅም። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ አንኮበር ቁልቁል የአፋርን ቆላ እያየች ትቀበላችኋለች። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭት አይቷልና መንገዱን ሳትጠይቁ እንዳትነሱ።

የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር ከባሕር የሚመጣ ጠመንጃ መግቢያም ነበረች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 አርተር ራምቦ ከታጁራ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ደረሰባት። የፊልሙ ራምቦ እንዳይመስላችሁ፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ነው! ንጉሥ ምኒልክን እዚያ ስላላገኛቸው እስከ እንጦጦ ተጓዘ። ጭነቱ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ነበር። ጉዱ ግን ወዲህ ነው፤ ጠመንጃዎቹ በአፈሙዝ የሚጎርሱ አሮጌ ባለ ካፕሱል፣ ጥይቱ ደግሞ የሬሚንግተን። አንዱ ለሌላው አይሆንም!

«ታዲያ መለወጥ አይቻልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ፋብሪካ ይችላል። አያቶቻችን ሰናድር የሚሉት፣ እንግሊዞች በአፈሙዝ ይጎርስ የነበረውን ኤንፊልድ ከኋላ እንዲጎርስ አድርገው የሠሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የመጡት ይዘውት ነው። ፈረንሳዮችም በወረቀት ጥይት ይተኩስ የነበረውን ሻስፖ ለናስ ቀለህ እንዲሆን ወደ ግራ ለውጠውታል፤ የኛ ሰው ውጅግራ ይለዋል። ይህ ሁሉ ግን የተለካና የተፈተነ ሥራ ነው።

አንዳንዱ ጎረምሳ ግን ከአያቱ የወረሰውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ «ገበያ ላይ ላለው ጥይት ላስተካክለው» ብሎ ሞረድ ያነሳል። ተው ወንድሜ! የሽጉጥ አፈሙዝ፣ የሚሽከረከረው የጥይት ማስቀመጫና ጥይቱ ለአንድ ልክ የተሠሩ ናቸው። ጥይቱ ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም። የባሩዱ ኃይል ከበዛ ያረጀው ብረት እጅ ላይ ይፈነዳል፤ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ከተቀረቀረ ደግሞ ቀጣዩ ተኩስ ለተኳሹም ለጎረቤቱም አይመለስ። ጣት እንደ ቃታ አይቀየርም!

ሕጉም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። ስለዚህ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ቤታችሁ ካለ ሳትነካኩት ለአካባቢያችሁ ፖሊስ አሳውቁ፣ ምን ማድረግ እንዳለባችሁም ጠይቁ። አያታችሁን ደግሞ ሽጉጡ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደያዘው፣ የት እንደዋለ እንዲያጫውቷችሁ ለምኗቸው። ከሽጉጡ ይልቅ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ጨዋታው ነው።