ከባንኮክ፦ ለእኛ የሚቀለውና የሚከብደው

ባንኮክ ገብቶ ከሱቅ እርጎ የገዛ እንግዳ መጀመሪያ ግር የሚለው ክዳኑ ላይ የታተመው ቀን ነው። «15/08/68» ይላል። አንድ አውሮፓዊ ጎረቤቴ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሞ ዕቃውን እያገላበጠ፣ «ይሄ እኮ እኔ ሳልወለድ የተበላሸ ነው» እያለ ይስቅ ነበር። የሱ ጨዋታ ነው፤ ግን የኪራይ ውሉም፣ የመብራት ቢሉም፣ የመንግሥት ደብዳቤውም በዚሁ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ቀኑን ያላወቀ ሰው ብዙ ነገር ያልፈዋል።

ታይላንዶች ዘመናቸውን ከቡድሃ ማረፍ ተነስተው ስለሚቆጥሩ ከፈረንጅ 543 ዓመት ይቀድማሉ። የፈረንጁ 2025 እነሱ ዘንድ 2568 ነው። ሐበሻ በዚህ ብዙም አይደነግጥም። ለአንድ ቀን ሁለት ዓመተ ምሕረት ሲጽፍ ያደገ ሰው ሦስተኛ ቢጨመርበት ምን ይሆናል? ከእኛ ወደ እነሱ ለመሻገር ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ 550፣ ከዚያ በኋላ እስከ እንቁጣጣሽ 551 መደመር ነው። እንዲያውም ታሪካቸው ውስጥ ለእኛ የሚጥም አንድ ዓመት አለ። ዓመታቸው በኤፕሪል 1 ይጀምር ነበር፤ መንግሥት ከእ.ኤ.አ. 1941 ጀምሮ ጃንዋሪ 1 ይሁን ሲል፣ ከዚያ በፊት የነበረው 2483 ዘጠኝ ወር ብቻ ኖሮት አለቀ። አሥራ ሦስት ወር ለምንቆጥር ሰዎች ይህ እውነትም የሩቅ አገር ጉድ ነው።

በሰዓቱማ ዘመዳሞች ነን ማለት ይቻላል። ባቡሩ፣ ቴሌቪዥኑና መሥሪያ ቤቱ ሃያ አራቱን ሰዓት ይጠቀማሉ፤ ሰው ለሰው ሲነጋገር ግን ቀኑ በስድስት በስድስት ሰዓት አራት ቦታ ይከፈላል። ፈረንጅ የማታ ሰባት የሚለውን እነሱ «ኑንግ ቱም» ይሉታል፤ የእኛው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ አምስት ሰዓት አብረን እንሄዳለን። ጠዋትም ቢሆን በዕድሜ የገፉትና የገጠር ሰዎች «ሳም ሞንግ ቻው» ሲሉ የእኛኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መናገራቸው ነው። ድሮ ሰዓት የሚታወጀው ቀን በነሐስ ደወል፣ ማታ በከበሮ ነበር። የምንለያየው ከቀትር በኋላና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሲሉ የእኛ ስምንት ነው፣ ከሌሊቱ አንድ ሲሉ የእኛ ሰባት። ፈረንጆቹ ይህን አቆጣጠር ለመልመድ ዓመት ሲፈጅባቸው አይቻለሁ። እኛ ግማሹን ይዘን ነው የምንገባው።

የስም ነገርም እንደዚሁ ነው። የቤተሰብ ስም በአዋጅ የመጣባቸው እ.ኤ.አ. በ1913፣ በንጉሥ ቫጂራቩት ዘመን ነው። ዛሬም ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ «ኩን» ብለው ፊት ላይ ይጨምራሉ፣ እኛ «አቶ» እና «ወይዘሮ» እንደምንለው። ታላቅህን «ፒ»፣ ታናሽህን «ኖንግ» ስትል ደግሞ የሰፈር ጋሼና እትዬ ትዝ ይልሃል። ችግሩ የቤት ስም ላይ ነው። ሁሉም ሰው ከልጅነቱ አጭር መጠሪያ አለው፤ ሙ፣ ኖክ፣ ሌክ ይባላል፣ ቢርና ቤንዝ የሚባልም አይጠፋም። ለዓመታት «ሙ» ስትለው የኖርከው ሰው ጋር ገንዘብ ልታስተላልፍ ስልክህን ስትከፍት፣ በመዝገብ ያለው ረጅም ስም ይመጣል። ሰውዬው እሱ መሆኑን ደውለህ ማረጋገጥ ነው።

አዲስ ነዋሪዎች በብዛት የሚያማርሩት ግን ሰው «አይሆንም» የማይል መሆኑን ነው። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ የኩሽናዬን ቧንቧ አይቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጋጥሞ እጅ ነስቶ፣ ፈገግ ብሎ ነገ እመጣለሁ አለ። አልመጣም። በማግስቱም ሲጠየቅ ያው ፈገግታ ነበር። ፈረንጅ ይህን ውሸት ይለዋል። ሐበሻ ግን ይሉኝታን ያውቃልና ሥራውን መሥራት አለመቻሉን ፊት ለፊት መናገር እንዳፈረ ወዲያው ይገባዋል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለን ያደግን አይደለንም? መፍትሔውም የአገራችን ነው፤ የሕንፃውን ጥበቃ አማላጅ አድርጎ መላክ። ጥበቃው ሄዶ ጠይቆ በአሥር ደቂቃ እውነቱን ይዞ ተመለሰ፤ ዕቃው ስላልተገኘ ነበር። በዚህ አገር ድምፅን ከፍ አድርጎ መከራከር ምንም አያስገኝም፤ የሚቆጣ ሰው ትክክል ቢሆን እንኳ ተሸናፊ ነው።

አድራሻ መፈለግም ያደክማል። ሱኩምቪት የሚባለው ትልቁ መንገድ ላይ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መጋቢ መንገዶች (ሶይ) በአንድ ወገን፣ ሙሉዎቹ በሌላው ናቸው፤ እስከዚህ ደህና። የቤቱ ቁጥር ግን መሬቱ የተመዘገበበትን ቅደም ተከተል እንጂ የቆመበትን ስለማይከተል፣ ሃያና ሁለት መቶ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰው የሞተር ታክሲ ነጂ ቁጥሩን ትቶ የትኛው ሰቨን ኢለቨን አጠገብ እንደሆነ ይጠይቃል። በአገሪቱ ከ14,000 በላይ የዚህ ሱቅ ቅርንጫፎች ስላሉ ምልክቱ ብቻውን ባይበቃም፣ «ከመድኃኒት ቤቱ አለፍ ብሎ» ማለት የለመደ የአዲስ አበባ ሰው አይቸገርም።

የሚከብደው ወረቀቱ ነው።

በእ.ኤ.አ. 1979ኙ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት የውጭ ሰው የሚያድርበት ቤት ባለቤት እንግዳውን በ24 ሰዓት ውስጥ ማስመዝገብ አለበት፤ ቅጹ ቲኤም 30 ይባላል። ግዴታው የአከራዩ ነው፤ ወረቀቱ ሲጠፋ በመስኮቱ ፊት የሚቆመው ግን ተከራዩ ነው። ከዚያ በየ90 ቀኑ «አሁንም እዚሁ ነኝ» ብሎ ማመልከት አለ፣ በቲኤም 47። ከቀኑ 15 ቀን አስቀድሞ እስከ 7 ቀን ዘግይቶ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ካለፈ 2,000 ባት ቅጣት ነው። የመኖሪያ ፈቃዱን አራዝሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ ከአገር የወጣ ሰው ፈቃዱ እዚያው ይሰረዝበታል። ቪዛው ያለፈበት ደግሞ በቀን 500 ባት፣ እስከ 20,000 ባት ይከፍላል።

በሰሜን ባንኮክ ቼንግ ዋታና የሚገኘው የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ አንድ ጠዋት መዋል ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። ምድር ቤት የፎቶ ኮፒ ሱቆች ተደርድረዋል። ሴትየዋ ፓስፖርትህን ስትቀበል ምን እንደሚያስፈልግ ከአንተ በፊት ታውቃለች፤ የፎቶ ገጹን፣ ቪዛውን፣ የመጨረሻውን የመግቢያ ማኅተም ታነሳለች፣ ከዚያ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዛ እያንዳንዱ ቅጂ ላይ የት እንደምትፈርም በጣቷ ታሳይሃለች። ያልተፈረመ ቅጂ ወረቀት አይባልም። ቀበሌ ተመላልሶ ያደገ ሰው እዚህም ልቡ አይሸበርም ነበር፤ እኛን የሚለየን ግን ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲል ነው። ባል በአያቱ ስም፣ ሚስት በአያቷ፣ ልጅ ደግሞ በአባቱ አባት ይመዘገባል። ሦስቱ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን የሚናገር የጋራ የቤተሰብ ስም ፓስፖርታቸው ላይ የለም። የተተረጎመና የተረጋገጠ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው በዚህ ጉዳይ ደጋግሞ ይመለሳል። ስዊድናዊው በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው ነው።

ባንክም ያው ነው። የመንገድ ዳር ሙዝ ጠባሽ ሳትቀር በስልክ የሚነበብ የክፍያ ምልክት ጋሪዋ ላይ ሰቅላለች፤ ሒሳብ ለመክፈት ግን ቅርንጫፉ ሁሉ የራሱ ሕግ አለው፣ አንዱ የከለከለውን ሌላው ይፈቅዳል። መሬት የውጭ ሰው አይገዛም። የኮንዶሚኒየም ቤት ይገዛል፣ የውጭ ሰዎች ድርሻ ከሕንፃው ስፋት 49 በመቶ እስካላለፈ ድረስ። በብሔራዊ ፓርኮች በር ላይ ደግሞ የውጭ ሰው ዋጋ ለብቻ ነው። አንዳንድ ቦታ የአገሬው ሰው ዋጋ በታይ አኃዝ ስለሚጻፍ እንግዳው ልዩነቱን አያየውም፤ ልክ በግእዝ ቁጥር ብንጽፍበት እንደማለት። የመግቢያ ዋጋ ለፈረንጅና ለአገር ሰው መለየት በእኛም አገር ያለ ስለሆነ ብዙ የምናማርርበት አፍ የለንም። አሥሩን አኃዝ ማጥናት ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ይመከራል።

ወደ ምግብ እንምጣ። ሚጥሚጣ የለመደ ሐበሻ በርበሬ አይፈራም ብሎ ይገባል። በሸክላ ሙቀጫ ፓፓያ የምትወቅጥ የኢሳን (የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ) ሴት ፊት ቆሞ ስንት ቃሪያ ትጨምር እንደሆነ ስትጠይቀው በኩራት ይመልሳል። ቃሪያዋ የጣት ጥፍር የምታክል ናት፤ እርጥብ ስለሆነች ከደረቅ በርበሬ በተለየ መንገድ ታቃጥላለች፣ ወደ ጆሮ ትወጣለች። ከዚህ የሚብሰው ጾም ነው። ሥጋ የሌለበት የሚመስለው የጎመን ጥብስ ውስጥ የዓሣ መረቅ አለ፣ ሾርባው ውስጥ የሽሪምፕ ድልህ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ በየቀኑ ይነሳል። መውጫው «ጄ» የተባለው የቻይናውያን ጾም ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ የለበትም፤ ምልክቱ ቢጫ ጨርቅ ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል ነው፣ ለእንግዳ ዓይን 17 ይመስላል። በሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም በኦክቶበር ለዘጠኝ ቀን የሚከበር በዓል ስላለው በዚያን ሰሞን ከተማው በቢጫ ይሞላል፤ በሌላ ጊዜም ይህ ጨርቅ የተሰቀለበት ቤት ሳይጠራጠሩ መብላት ይቻላል። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም በጄ ክልክል ናቸው። ወጥ በሽንኩርት ቁሌት የሚጀምርበት አገር ሰው ይህን ሲሰማ የሚያሳየው ፊት መታየት አለበት። የናፈቀው ሰው ሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ ይሄዳል፤ ለሕክምና የመጡ ወገኖችና ከፕራቱናም ገበያ ልብስ የሚጭኑ ነጋዴዎች እዚያ ሰፈር ይገናኛሉ፣ እንጀራም ይገኛል።

ሙቀቱን በተመለከተ አንድ የማይጠፋ ጨዋታ አለ። ታይላንዶች ከአፍሪካ የመጣ ሰው ኤፕሪልን እንደ ቀልድ የሚያሳልፍ ይመስላቸዋል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ካለች ከተማ፣ ጋቢ ለብሶ ያደገ ሰው፣ ከባሕሩ ጋር እኩል በተኛች ባንኮክ ውስጥ ሲያልበው አይተው ይገረማሉ። ለጥቁር ሰው ሌላም ችግር አለ፤ ከመዋቢያ መደርደሪያው ላይ ቆዳ የማያነጣ ቅባት መምረጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። የእንግሊዝኛ መምህር ፈላጊ ትምህርት ቤቶች ዘንድም ነጭ ፊት ቅድሚያ ማግኘቱን እዚያ የሠራ አፍሪካዊ ሁሉ ያውቀዋል። ሰዉ በግል ደግ ነው፤ ይህን ግን መደበቅ አይገባም።

ሥርዓቱ ለጨዋ ልጅ አይከብድም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ እግር ወደ ሰው አይዘረጋም። የልጅ ራስ መዳሰስ ለእኛ ምርቃት ነው፣ እዚህ ግን ራስ ክቡር ስለሆነ ቢቀር ይሻላል። መነኩሴ ሲታይ ሮጦ እጅ መሳለም የለመደች እናት በተለይ ትጠንቀቅ፤ ሴት የቡድሃ መነኩሴን አትነካም፣ የምትሰጠውን እንኳ እጁ ላይ ሳይሆን በዘረጋው ጨርቅ ላይ ታኖራለች። በየግቢው የቆመችውን ትንሽ የመንፈስ ቤት አለመነካካት ነው። የእኛ አያቶች ለአድባር ቡና እንደሚያፈሱት እነሱ ቀይ ፋንታ ከነመምጠጫው ከፍተው ያቀርባሉ። በጠዋት 2 ሰዓትና በማታ 12 ሰዓት በመናፈሻና በባቡር ጣቢያ መዝሙር ሲሰማ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ንጉሡን በቃልም በጽሑፍም መንካት ደግሞ ጨዋታ አይደለም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስፈርዳል፣ የውጭ ዜግነትም አያድንም።

ለመክረም የምትሄዱ እንግዲህ ይህን ያዙ። የ90 ቀኑን ቆጠራ ከመጨረሻው የመግቢያ ማኅተም ጀምሩ። የቲኤም 30 ደረሰኙን ከፓስፖርታችሁ አትለዩ፤ አከራዩ አላወጣም ካለ ቤቱን አትያዙ። የጋብቻና የልደት ወረቀቱን አዲስ አበባ ሳላችሁ አስተርጉማችሁ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጣችሁ ሂዱ። ባንኮክ ሆኖ ከአዲስ አበባ ማስላክ ገንዘብም ጊዜም ይበላል።