ኳሱና የእሑዱ ጠዋት

የስምንት ዓመት ልጃችን እግር ኳስ ይወዳል። በምንኖርበት በሜሪላንድ በእርሱ ዕድሜ ላለ ሕፃን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሰፈር ሊግ ነው፤ አሠልጣኞቹ አብዛኛውን ጊዜ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ወላጆች ናቸው፤ የመጣ ሁሉ ይጫወታል። ሌላው ክለብ ነው፤ በፈተና ይገባበታል፣ ክፍያው ከባድ ነው፣ ውድድሩም ብዙ ጊዜ ቅዳሜን አልፎ እሑድን ይወስዳል፤ ያውም አንዳንዴ በሌላ ግዛት።

ዘንድሮ አንድ ክለብ ልጃችንን ተቀበለው። ባለቤቴ «መክሊቱን ብንቀብርበትስ?» አለች። ጥያቄዋ ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንኳ ልጆች በአንድ ስፖርት ብቻ መወሰንን እስከ 15 ወይም 16 ዓመታቸው ቢያዘገዩ እንደሚሻል ይመክራል፤ ያለ ጊዜው መወሰን ለጉዳትና ለመሰላቸት ያጋልጣልና። እንግዲህ ኳሱ ይቆየዋል። የቅዳሴው ዜማ ግን ጆሮውን የሚያለማምደው አሁን ነው፤ በባዕድ ሀገር ለሚያድግ ልጅ ደግሞ ግእዙን የሚሰማበት ሌላ ስፍራ የለውም።

ክለብን መርጠው፣ ቅዳሜ ሌሊት ከጉዞ ተመልሰው እሑድ የሚያስቀድሱ ወዳጆች አሉን፤ ጽናታቸውን አደንቃለሁ። እኛ የሰፈሩን ሊግ መረጥን። ልጁ ስለ ክለቡ ማልያ ሁለት ቀን አኮረፈ። በ12 ዓመቱ ፍላጎቱ ከጸና እንደገና እንመካከራለን፤ ያን ጊዜም አስቀድሜ የምጠይቀው የእሑዱን መርሐ ግብር ነው።