ሮም በትንሽ ገንዘብ፦ ከልጆች ጋር በአበበ ቢቂላ መንገድ

ውጭ አገር ለምንኖር ሰዎች ለሽርሽር ገንዘብ ማውጣት ይከብደናል። ገንዘቡ ስለሌለ ብቻ አይደለም። ትኬት ለመቁረጥ ስናስብ የእናት መድኃኒት፣ የእህት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዘመድ ሠርግ ወዲያው ይመጣብናል። «ይሄን ብልክላቸው አይሻልም?» እንላለን። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምናውቀው ጉዞ አንድ ነው፤ ወደ አገር ቤት፣ ያውም ሻንጣ ሙሉ ስጦታ ይዘን። ልጆቻችን ደግሞ ከረጅሙ እረፍት በኋላ ጓደኞቻቸው የት የት እንደሄዱ ሲያወሩ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

እኛ ቤት ይህን ክርክር በአንድ ስምምነት ፈታነው። ወደ አገር ቤት የሚሄደው ገንዘብ በቀኑ ይሄዳል፣ አይነካም። ሽርሽሩ ከተረፈው ይሸፈናል፤ ካልበቃ ይቆያል። በዚህ ሂሳብ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከጀርመን ተነስተን ሮም ሦስት ሌሊት አደርን። ሮምን የመረጥናት ርካሽ ስለሆነች አይደለም፤ አይደለችምም። ግን ለሐበሻ ልጅ ልናሳየው የሚገባው ነገር አብዛኛው ደጅ ላይ ነው፤ መግቢያ አይጠየቅበትም።

ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ ጀምሩ። ፊት ለፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ» ይባላል፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1887 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸውም አለፍ ብሎ ቆሟል። በፋሺስቱ ወረራ ጊዜ ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት እዚሁ ተቀምጦ ነበር። አሁን ተመልሶ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ይገኛል፤ አዲስ አበባ የሄዱ ልጆች ያውቁታል።

ከተርሚኒ በሜትሮ ቢ መስመር ሦስተኛው ፌርማታ «ቺርኮ ማሲሞ» ነው። ስትወጡ የምታዩት ትልቅ ነጭ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ግን ጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿን ለምታስተዳድርበት ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት የቆመው ከዚህ ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። በ1937 ተወሰደ፣ በ2005 ወደ አክሱም ተመለሰ፣ በ2008 እንደገና ቆመ። ዛሬ በቦታው የኛ የሆነ ነገር የለም። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ዙሪያዋን አይታ «ታዲያ ምን ልናይ መጣን?» አለች። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ወንድሟ «አለመኖሩን ነዋ!» አላት።

ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ቀጥታ ሂዱ። አንድ ኪሎ ሜትር ሳትሞሉ የኮንስታንቲን ቅስት ላይ ትደርሳላችሁ። አበበ ቢቂላ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባው እዚህ ነው። መሽቶ ነበር። ሐውልቱ ያኔ ገና ሮም ነበርና አበበ በአጠገቡ አልፎ ነው ወደ ድሉ የሄደው። ልጆቻችን ጫማ አውልቀን እንሩጥ ብለው ነበር፤ ጫማቸውን አድርገው ሮጡ። ኮሎሲየምም ከቅስቱ አጠገብ ነው። የዚህ ሁሉ ጉዞ ወጪ ለአራታችን ደርሶ መልስ 9 ዩሮ ብቻ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የከተማ ትኬት 1.50 ዩሮ ሲሆን ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፤ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስገባው። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከወላጅ ጋር በነፃ ይሄዳሉ። የወረቀት ትኬት ይዛችሁ አውቶቡስ ስትሳፈሩ ማሽኑ ላይ ማስመታት አትርሱ፤ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው። ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ፈጣኑ ባቡር 14 ዩሮ፣ የክልሉ ባቡር ደግሞ 8 ዩሮ ነው። ርካሹ ተርሚኒ አይደርስም፤ ኦስቲየንሴ ወርዳችሁ አጠገቡ ካለው ፒራሚዴ ጣቢያ ሜትሮ ትይዛላችሁ። ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ 24 ዩሮ ልዩነት አለው።

ውሃ አትግዙ። በከተማው «ናሶኒ» የሚባሉ ቀን ከሌት የሚፈስሱ ቧንቧዎች ሞልተዋል፤ ውሃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። አፉን በጣት ስትደፍኑት ከላይ ባለው ቀዳዳ ፊን ይላል፤ ልጆቹ ከኮሎሲየም ይልቅ ይሄን ወደዱት። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፤ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ዋጋው ሊጨምር ይችላል። ለምሳ ፒዛ እየተቆረጠ በሚዛን የሚሸጥበት ቤት ግቡ፤ የምትፈልጉትን ያህል በእጃችሁ ታሳያላችሁ። ከተርሚኒ በእግር የሚደረስበት የኤስኩዊሊኖ ገበያ ደግሞ ከእሑድ በስተቀር ጠዋት ጠዋት አትክልትና ቅመም በጥሩ ዋጋ ይገኝበታል። ማብሰያ ያለው ማረፊያ ከያዛችሁ እራት እዚያው ይሠራል። እንጀራ ካማራችሁም የኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ተርሚኒ አካባቢ አሉ። ማረፊያ ስትከራዩ ከኪራዩ ሌላ በሰውና በሌሊት የሚታሰብ የከተማ ግብር መኖሩን አስቡ፤ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም።

ወደ ውስጥ መግባት ከፈለጋችሁ ቀን ምረጡ። ኮሎሲየምን ጨምሮ የመንግሥት ሙዚየሞች በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ነፃ ናቸው፤ ሰልፉ ግን ረጅም ነው። የቫቲካን ሙዚየም በወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ከበዓል ጋር ካልገጠመ፣ ጠዋት በነፃ ያስገባል። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜም ነፃ ነው፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ያስፈልጋል።

እንግዲህ ቁጠባ ማለት ሁሉን መከልከል አይደለም፤ ለየትኛው እንደምናወጣ አስቀድሞ መወሰን ነው። ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ይሄንንም ለልጆች ማውረስ ይገባናል። አያት በቀኗ የሚላክላት ደርሷታል፤ የልጅ ልጆቿም በስልክ ሲያገኟት ስለ ራስ አሉላና ስለ አበበ የሚነግሯት ነገር አላቸው።