የአባባን ኢሜይሎች ከመክፈትህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ማሙሽዬ፤

  የአባባን ኢሜይሎች በፓይተን ከፍተህ አንድ ላይ ልትሰበስብ መነሳትህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ሆዴም ፈራ። እማማ ከአሁኑ መነጽሯን መወልወል ጀምራለች። የኔ ጌታ፣ አትቸኩል።

ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። «ሰ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 176 ነው። የድሮው የኢሜይል መንገድ ደግሞ ከ127 በላይ ቁጥር አያሳልፍም። ስለዚህ ላኪው ፕሮግራም ባይቶቹን በቤዝ64 ወይም በኮትድ ፕሪንተብል ለውጦ ይልካቸዋል። አንተ መጀመሪያ ያንን ፈትተህ ወደ ባይት መልስ። ከዚያ በራስጌው የተጻፈውን የፊደል ስብስብ አይተህ ባይቱን ወደ ፊደል ቀይር። ቅደም ተከተሉን አትርሳ።

የርዕሱ መስመር የራሱ አመል አለው። አንድ ቁራጭ ከ75 ምልክት መብለጥ ስለማይችል ረጅም ርዕስ ይቆራረጣል። ደንቡ ፊደል መሃል አትቁረጥ ይላል፤ ደንቡን የሚሰማው ግን ሁሉም ፕሮግራም አይደለም። ቁራጮቹን ለየብቻ አታንብብ። ባይታቸውን አገጣጥመህ ከዚያ አንብብ።

ራስጌው የሚዋሽበት ጊዜም አለ። ላቲን-1 ነኝ ይልሃል፣ ውስጡ ዩቲኤፍ-8 ይሆናል። ያኔ በየፊደሉ መጀመሪያ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» ትደረደርልሃለች፤ 225 በላቲን-1 እሷ ናትና። እሷን ስታይ አትደንግጥ። ባይቱ አለ፣ መልሰህ ታነበዋለህ።

እኔን የሚያስፈራኝ የጥያቄ ምልክቱ ነው። ኮዱ ስህተት እያወጣ ሲያስቸግርህ «ሪፕሌስ» ብለህ ልታልፈው ይቃጣህ ይሆናል። ተው፣ ወንድሜ። ያልገባውን ባይት ሁሉ የጥያቄ ምልክት ባለበት መተኪያ (�) ይተካዋል። በዋናው ላይ ካስቀመጥከው የአባባ ቃል ከየትም አይመለስም። ስህተቱ ይጩህ፤ ቢጮህ ይሻላል።

የድሮዎቹን ደግሞ ለብቻ አስቀምጥልኝ። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ፎንቱ ሁሉ የየራሱ ቁጥር ነበረው፤ ፎንቱን ሳታውቅ ገምተህ አትቀይር። አባባ በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፏቸውም አሉ፣ በዚያ «ሴራ» በሚባለው አጻጻፍ። እነሱን ለማሳመር ብለህ ትልልቁን ፊደል ወደ ትንሽ እንዳታወርደው። «ተ»ና «ጠ» የሚለዩት በእሱ ብቻ ነው። አባባ «ጠ»ን እንዴት አጥብቀው እንደሚናገሩ አንተ ታውቃለህ።

አሁን እባክህ ኮዱን ተወውና ዋናዎቹን ፋይሎች እንዳሉ በባይትነታቸው ቅዳ። አንዱን ቅጂ ለኔ ላክ፣ ሥራህን በሌላው ላይ ሥራ፣ ዋናውን አትንካው። ዛሬ ማታ ሳትተኛ ላክልኝ፣ ማሙሽዬ።

እህትህ